ቀጥ ብላ የምትሄድ

ሱሪውን በአርባ ሼቄል ገዛሁት ከሱቁ፣
እግሩን ለማሳጠር ሠላሳ አምስት ጠየቁ!
ሌሊት ተነሥቼ ወጪውን ብቆጥረው፣
አራት የልጅ ልጅ አለኝ፣ ሁሉም አጫጭር ነው።
እንግዲያስ ልግዛ አልኩ የስፌት መኪና፣
ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታና።

መካሪ መች ጠፍቶ!
ልጄ ሊራን ስልኩን አስጠግቶ አሳየኝ፦
«ሁለት መቶ ስፌት፣ ስክሪንም አላት፤ ታናግርሻለች» አለኝ።
«ምን ልንባባል?» ብዬ ስልኩን መለስኩለት።
ያልጋነሽ ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ ብልሃት፦
«የድሮ ብረት ግዢ፤ የዛሬው ፕላስቲኩ
እንደ ዛሬ ወዳጅ ነው፣ ሲሞቅ ይላላል ልኩ።»
እውነቷን ነው፤ ሄጄ ብረቱን ባነሣው ወገቤ ጮኸብኝ፤
ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ አሳንሰሩም ከፋሲካ ወዲህ ቆሞብኝ።

ረቡዕ ቀን፣ ራምላ፣ ከገበያው ጀርባ፣
የዓሣውን ጩኸትና ሽታ አልፌ ከፊማ ሱቅ ስገባ፣
ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽር ይፈልጋል፣
ጥርሷ የረገፈ ማሽን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ያክማል።
የሱ ዕብራይስጥ ሞስኮኛ፣ የኔው ጎንደርኛ፤
ተግባባን። የተቸገረው ዕብራይስጡ ነው እንጂ አይደለንም እኛ።

«ምን ትሥራልሽ?» አለኝ።
«ቀጥ ብላ ትሂድ።»
«ሌላስ?»
«ወደ ኋላ ትመለስ፣
ጫፉን እንድትቋጥር፣ ስፌቱ እንዳይፈርስ።
ጠርዝ ትዘምዝም፤ ቁልፍ ቤት መክፈት ትወቅ።
ለልጄ አላጫት፣ ሌላ ምን ልጠይቅ?»
ፊማ ሳቀ፤ ሊያሳየኝ ያወጣትን የሁለት ሺዋን ወይዘሮ
ወደ መደርደሪያዋ መለሳት፣ ሽፋኗን መልሶ አሥሮ።

ከቦርሳዬ አወጣሁ የገዛ ጨርቄን፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ትምህርት ቤት ሳጸዳ የለበስኩትን ሽርጤን።
አራት አጠፍኩና «በዚህ ላይ ትሂድ» አልኩት፣
«በሱቅ ጨርቅማ ሁሉም ጎበዝ ነው።»

አንዷ ሦስተኛው እጥፍ ላይ አቃሰተች፤
አንዷ ክሩን ጎርሳ አልተፋም አለች፤
ነጯ ግን፣ ስድስት ኪሎዋ፣ ዐሥራ ሁለት ስፌት ብቻ የምታውቅ፣
ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለች ተሻገረች፣ ሳትንተባተብ ሳትወድቅ።
የመርፌ ቀዳዳ ከዓይኔ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤
የሷ ትንሽ መንጠቆ ክሩን ስቦ ያስታርቀናል።
የታች ክሯ ቤት ክዳኑ ብርጭቆ ነው፣ ውስጡ ይታያል፤
ሲያልቅ አያለሁ፤ ያለ ክር ጨርቅ መውጋት በስተርጅና ያሳፍራል።
የፍጥነት ቁልፏ ባንድ ጫፍ ኤሊ፣ በሌላው ጥንቸል ተስሎበታል።
«እኔ የኤሊዋ ነኝ» አልኩት።
«ያስታውቃል።»

መመሪያው በሰባት ቋንቋ ነው፤ እኔ ባንዱም ማንበብ አልተማርኩም።
ፊማ ገላዋ ላይ የታተመውን ቁጥር፣ ከአንድ እስከ አምስት፣ በጣቱ እየነካ፦
«ክሩ ቁጥሩን ይከተላል» አለ። «ክር ፊደል አያውቅም።»
«እኔም» አልኩት።

መርገጫዋን ከሥሬ ሲያኖራት፣ እግሬ ገና ሲነካ፣
አባቴ እዚያ ነበረ ለካ፦
ከጉድጓዱ እስከ ወገቡ፣ የሸማ ዕቃውን ዘርግቶ፣
ገመዱን በእግር ጣቱ ይዞ፣ አንዱን ረግጦ አንዱን አንሥቶ።
«ቡዳ» የሚሉት ሰዎች የሠራውን ለብሰው በዓል ሲውሉ፣ የዚያ ጉድጓድ ነገር
ለሴት አይገባም፤ ፈትዬ ሳቀብል እግሩን ብቻ አይ ነበር።
ይኸው በስድሳ አንድ ዓመቴ፣
ተራው እግሬን ደረሰው፣ አባቴ።

ስድስት ሃምሳ ጠራ፤ አምስት መቶ አልኩ፤ አምስት ሰማንያ ላይ ቆምን፤
የዓመት ዋስትና ጻፈልኝ፤ መርፌና ጥቁር ክር መርቆልኝ ተጨባበጥን።

ማታ ሱሪውን ሰፋሁ። አንዱ እግር ከሌላው በጣት አጠረ።
ኦርያን ለብሶት መጣ፣ መስታወት ፊት ቆመ፣ ግራ ቀኝ ዞረ፣
ዝቅ ብሎም አየ። «አያቴ» አለኝ፣
«ሱሪው ደኅና ነው። ወለሉ ነው የተጣመመብኝ።»

«እሺ» አልኩ፤
ቁልፏን ወደ ኤሊዋ ገፋሁና፣
ወለሉን ላቃና መርፌዋን አወረድኩ።